ውኃው እስከ አገጩ

አባቴ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ጫማውን አያወልቅም ነበር። የመንደራችን ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ በሚመላለስበት አሸዋ ላይ እሱ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጎ፣ የተተኮሰ ረጅም ሱሪውን ለብሶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ማዕበሉ ሲቀርብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ሲመለስ ደግሞ ወደ ነበረበት። እኔ ይህን እንደ ክብር ነበር የምቆጥረው። ዓለምን የዞረ ሰው እንደ ልጅ ውኃ ውስጥ አይንቦጫረቅም ብዬ አምን ነበር። ለሌሎች ልጆችም እንደዚያ ብዬ እነግራቸው ነበር።

መርከበኛ ነበር። ማዕድን በሚጭን ትልቅ መርከብ ላይ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቆይና ለጥቂት ሳምንታት ወደ መንደራችን ወደ ዌስት ቤይ ይመጣል። በዚያ ዘመን የካይማን ደሴት ወንዶች አብዛኞቹ ኑሯቸው እንዲያ ስለነበር የአባቴ መሄድ ማንንም አያስገርምም። ልዩነቱ በሌሎቹ ልጆች ቤት እናት መኖሯ ነው። የእኔ እናት ፊቷን እንኳ በደንብ ሳላውቀው ሞታለች። ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ኢልዳ ናት። ጥሩ ሴት ነበረች፣ ግን ሥራ የሚበዛባትና ወሬ የማትወድ። ስለዚህ እኔ ብዙውን ጊዜ የማወራው ከማንጎው ዛፍ ሥር ካለው የውኃ በርሜል ጋር ነበር። ወደ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስናገር ድምፄ ወፍሮ ይመለስልኛል።

አባቴ ሲመጣ እርስዎ እለው ነበር። አክስቴ "ምን ሆነሻል? አባትሽ እኮ ነው፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አይደለም" እያለች ትቆጣኛለች፣ አፌ ግን አልታዘዝ ይለኛል። ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ሳወራው እከርምና በር ላይ ሲቆም፣ ሰውነቱ የማላውቀው ሳሙናና የሞተር ዘይት ሲሸት፣ ሌላ ሰው የመጣ ይመስለኛል።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት ግን የሚቀር መሰለ።

የአባቴ የአጎት ልጅ ካፒቴን ዳልሜይን አዲስ ጀልባ ገዝቶ ነበር። ሆቴሎቹ በባሕሩ ዳርቻ መደርደር የጀመሩበት ጊዜ ነው። ዳልሜይን እንግዶችን ማዕበሉን ከሚሰብረው የኮራል ድንጋይ ግድግዳ ወዲህ ወዳለው አሸዋ ይወስዳል። እኛ "አሸዋው" ነው የምንለው፤ ባሕሩ መሀል ሆኖ ሰው ቆሞ የሚራመድበት ቦታ ነው። ድሮ ዓሣ አጥማጆቹ መሬት ላይ ቢምቢው ስለማያስቀምጣቸው ዓሣቸውን እዚያ ቆመው ያጸዱና አንጀቱን ውኃው ውስጥ ይጥሉት ነበር። ያን ለመልቀም ስቲንግሬዮች ይመጣሉ። እንደ ምንጣፍ የተዘረጉ፣ ጅራታቸው ላይ መርዛም እሾህ ያላቸው ትልልቅ ዓሦች ናቸው። ቀስ በቀስ የጀልባ ሞተር ሲሰሙ ምግብ እንደመጣ ማወቅ ጀመሩ።

ዳልሜይን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢያችን መጥቶ ከአባቴ ጎን አግዳሚው ላይ ተዘረፈጠ።

"ራድሊ፣ እኛ በእግራችን የምናባርረውን ዓሣ ሰዎቹ ከአውሮፕላን ወርደው ሊያቅፉት ይመጣሉ። ታምናለህ?"

"ቤታቸው የሚያቅፉት አጥተው ነዋ" አለች አክስቴ፣ ካሳቫ እየፋቀች።

"አንቺ ደግሞ ሳትነክሺ ብትመልሺ ምን ነበረበት? ስማኝ ራድሊ፣ አንድ የማምነው ሰው እፈልጋለሁ። አንተ ዕድሜህን ባሕር ላይ የኖርክ ሰው ነህ። ከእንግዶቹ ጋር ውኃው ውስጥ ትቆማለህ፣ ዓሣውን ትይዝላቸዋለህ፣ አለቀ። ቅዳሜ ና ሞክረው። ደስ ካለህ እዚሁ ትቀራለህ፣ ካላለህ መርከብህን ማን ወሰደብህ?"

አክስቴ መፋቋን አቆመች። ቀና ብላ አባቴን አየችው። እሱ አላያትም።

"ውኃው ምን ያህል ነው?" አለ።

"እስከ ወገብ! ሕፃን ይቆምበታል!"

"ራድሊ" አለች አክስቴ።

"እስከ ወገብ ነው እያለ ነው እኮ፣ ኢልዳ።"

እኔ በርሜሉ አጠገብ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ደስ ካለው ይቀራል። ደስ ማሰኘቱ የእኔ ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ማንም ሳያዘኝ ሥራውን ወሰድኩ።

ቅዳሜ አክስቴ ፀጉሬን አጥብቃ ጎንጉና፣ ከመዋኛ ልብሴ ላይ ቢጫ ቀሚስ ደረበችልኝ፤ ካሳቫ ኬክም በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። በር ላይ የአባቴን ክንድ ይዛ የሆነ ነገር በሹክሹክታ ነገረችው። "ደርሼ እመለሳለሁ" አላት። መዋኘት ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የመርከበኛ ልጅ፣ የደሴት ልጅ፣ ከባሕሩ ሁለት ቤት ርቃ ያደገች ልጅ እንዲህ ተብላ አትጠየቅም። እኔ ግን ዳር ላይ ከመንቦጫረቅ በቀር ምንም አልችልም ነበር።

ጀልባው ላይ እንግዶቹ ፊታቸውን ነጭ ቅባት ተቀብተው ተቀምጠዋል። ከሁሉም ጎልታ የምትታየው ግዙፍ አሮጊት ነበረች፤ ራሷ ላይ የፕላስቲክ አበቦች የተለጠፉበት የላስቲክ ቆብ አድርጋለች። ዳልሜይን አባቴን በክርኑ ነካ አድርጎ "የአትክልት ቦታውም ተሳፈረ" አለው። አባቴ ፈገግ አለ። ልቤ ዘለለች። አንድ ብዬ ያዝኩለት።

መንገዱን ሙሉ አላሳረፍኩትም። "ነፋሱ ደስ ይላል አይደል? ጀልባው አዲስ ነው አይደል? ቀለሙን አዩት?" ኬኩን ቆርሼ አጎረስኩት። በአንድ እጁ ብረቱን እንደያዘ ጎረሰ። ከዚያ፣ ጀልባውን ላደንቅለት ብዬ፣ "ከመርከብዎ ይሻላል፤ ይሄኛው ትንሽ ስለሆነ አይጠፋብዎትም" አልኩት። ጮክ ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ከኋላ የወርቅ ጥርስ እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው።

አሸዋው ላይ ስንደርስ ዳልሜይን ሞተሩን አዘገመው። ውኃው ስስ አረንጓዴ ነበር፣ ከሥሩ አሸዋው ወተት መስሎ ይታያል። ከሁሉም አቅጣጫ ጥቁር ጥላዎች እየተንሸራተቱ መጡ። ቀና ብዬ ደመና ፈለግሁ። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

"እግራችሁን እንዳታነሱ!" እያለ ጮኸ ዳልሜይን። "ጎትቱ፣ አሸዋውን እየጠረጋችሁ ሂዱ! ከረገጣችሁት ይወጋችኋል፣ ካልረገጣችሁት ይስማችኋል!"

እንግዶቹ መሰላሉን እየወረዱ መንጫጫት ጀመሩ። አባቴ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ። ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ። እግሮቹ ከሌላው ሰውነቱ የቀሉ፣ የሌላ ሰው እግር የሚመስሉ ነበሩ። በረጅም ሱሪው መሰላሉን ወረደ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆም እያለ። እግሩ አሸዋውን ሲነካ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ውኃው በእርግጥም ወገቡ ላይ ቀረ።

ዳልሜይን አንዷን ስቲንግሬይ በሁለት እጁ አንሥቶ ክንዱ ላይ አስቀመጠለት። አባቴ የሰው አራስ ልጅ በድንገት እንዳሸከሙት ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዓሣዋ ክንፎቿን አርገብግባ ፊቱ ላይ ውኃ ረጨችበት። እንደገና ሳቀ።

"ቬርሊን፣ ነይ። ነይ ንኪያት።"

ስሜን ሲጠራ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ድምፁ ዝቅ ይላል። ወረድኩ፤ ውኃው ደረቴ ጋ ደረሰ። እጄን ይዞ ከዓሣዋ ሆድ ሥር አደረገው፣ ከእጁ ጋር። እርጥብ ከፋይ ይመስላል። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ሕይወት አለው። አፏ ከሥር ስለሆነ መዳፌን ምጥጥ ምጥጥ አደረገችው። እኔ ግን የማስበው ስለ አባቴ እጅ ነበር። እንደ እንጨት ሻካራ፣ ሞቃት። ይቀራል አልኩ በልቤ። ደስ ብሎታል፣ ይቀራል።

እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበር! ግን ሥራዬን ሳልጨርስ ማረፍ አልወድም። ዳልሜይን "ንግሥቲቱ" የሚላት፣ ከሁሉም የምትሰፋ አሮጌ ስቲንግሬይ ነበረች። እሷን መርቼ ላመጣለት ፈለግሁ። አባቴ ለባለ አበባ ቆቧ ሴትዮ ዓሣ ሲያስነካ እኔ የንግሥቲቱን ጥላ ተከተልኩ። እንደተነገረኝ እግሬን አላነሣሁም፤ እየጎተትኩ፣ አሸዋውን እየጠረግሁ ሄድኩ። አሸዋው እየላላ መጣ። ውኃው ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ከዚያ ከእግሬ ሥር ምንም አልነበረም።

ድምፅ እንደሌለ አስታውሳለሁ። ቢጫው ቀሚሴ ፊቴ ላይ ወጥቶ ዓለም ሁሉ ቢጫ ሆነ። ጠልቄ ወጣሁ፣ እንደገና ጠልቄ ወጣሁ። ከውኃ በላይ በሆንኩባት አፍታ አባቴን አየሁት። ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ውኃው አገጩ ጋ ደርሷል። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ ዓይኖቹ እኔ ላይ ናቸው። እዚያ ቆመ። ስሜን አልጠራም። አልመጣም። ቆሞ አየኝ።

ከዚያ ወፍራም ክንድ ከሥሬ ገባና ወደ ላይ ገፋኝ። ባለ አበባ ቆቧ ሴትዮ ነበረች። እንደ ዶሮ ጀርባዋ ላይ ጭናኝ ጀልባው ድረስ ስትዋኝ ትንፋሿ እንኳ አልፈጠነም። አቀብላኝ ስታበቃ ወደ አባቴ ዞረች። ገና እዚያው ቆሟል።

"ጌታዬ፣ ልጅዎ አይደለችም እንዴ?" አለችው። የተቆጣች አልነበረችም፤ እውነት መልሱን የፈለገች ነበር የምትመስለው።

አባቴ የተዘረጉ እጆቹን አወረደ። ዳልሜይን አንዴ አባቴን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየ፤ ከዚያ ማንንም ሳያይ ሞተሩን አስነሣ።

ስንመለስ አባቴ ከጀልባው ኋላ ለብቻው ተቀመጠ። እኔ በፎጣ ተጠቅልዬ ከፊት ነበርኩ። ሳልነግረው ርቄ ስለሄድኩ ተቆጥቷል ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ የባሰ መጣብኝ። በልጅ ቋንቋ እንዲህ ነበር፦ ሊያወጣኝ ይችል ነበር፣ አልፈለገም። ባሕሩን ሁሉ ያቋረጠ ሰው ያቺን ታህል ውኃ ማቋረጥ እንዴት ያቅተዋል?

ያን ዕለት ምሽት ላይ አክስቴ ዓሣ ስትጠብስ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ሆኜ ሰማኋቸው። ዘይቱ ይንጫጫል፣ ንግግራቸው ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚደርሰኝ።

"ሰው የማይችለውን ይማራል፣ ራድሊ።"

"በአርባ ሁለት ዓመቴ? ሰው እየሳቀብኝ?"

"የሚስቅ ይሳቅ! ልጅቷ ትበልጣለች ወይስ የሰው አፍ?"

"እያየኋት እኮ ነው፣ ኢልዳ። እያየኋት።" ከዚያ ዘይቱ ጮኸ። ቀጥሎ የሰማሁት "እኔ አጠገቧ ከምሆን ባልኖር ይሻላታል" የሚለውን ነው።

በሳምንቱ ሄደ። አውሮፕላን ጣቢያው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ሸኘሁት። አልዞረም።

አሁን እኔ እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። አባቴ አርጅቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ እኔና እሱ በአክስቴ ቤት ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ስለ ዝናብ እናወራለን፣ ስለ ማንጎው፣ ሬዲዮው ስለሚለው። ስለዚያች ቅዳሜ እሱም አላነሣ፣ እኔም አላነሣሁ። ባለፈው ሰኔ፣ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሲገባ፣ ተኝቶ ሳለ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ ሲበተን ዳልሜይን ብቻ ቀረ። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል፣ ጀልባውን ከሸጠ ቆይቷል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከሳህኑ ሩዝ እየለቀመ ድንገት እንዲህ አለ፦

"ያን ቀን ባላስጨንቀው ኖሮ እኮ አይሄድም ነበር። መዋኘት እንደማይችል በምን አውቃለሁ?"

"ማን?" አልኩት።

"አባትሽ ነዋ። አንቺ... አታውቂም እንዴ?"

ሳህኑን አስቀመጠ።

"አንዱም አይችልም እኮ፣ የኔ ልጅ! ከመርከብ ጓደኞቹ አንዱም። በእነሱ ዘንድ ዋና የሚማር ሰው መርከቡን የማያምን ነው ይባላል። አውላላ ባሕር ላይ መርከብ ከሰጠመ መዋኘቱ ሥቃይ ማርዘም ነው ይላሉ። ስለዚህ አይማሩም። እኔ ዳር ዳሩን የማጠምድ ሰው በምን አውቃለሁ? ያን ቀን ውኃው አገጩ ላይ ደርሶ ሲቆም ነው የገባኝ። ደግሞ ዝም ብሎ አልቆመም ነበር። ከኋላው ርቄ፣ ጀልባው ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። በእግሩ ጣት ቆሞ አንድ እርምጃ ጨመረ፣ ውኃው አፍንጫውን አለፈው፣ ተመለሰ። እንደገና ሄደ፣ ተመለሰ። ሴትዮዋ ባትደርስ ኖሮ ሁለት ሰው ነበር የምንቀብረው።"

እኔ ያየሁት ከውኃ በላይ በሆንኩባት አፍታ ብቻ ነው። በዚያች አፍታ ቆሞ ነበር።

ዳልሜይን ከሄደ በኋላ ሳህኖቹን አጠብኩ። ቤቱ በጣም ጸጥ ብሎ ነበር። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ረስቼው የኖርኩት ሌላ ቀን መጣብኝ።

አባቴ በሄደ በወሩ ዳልሜይን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ዋና ያስተምረኝ ጀመር። አክስቴ "አባትሽ አዝዞ ነው የሄደው" አለችኝ። እኔ እንደ ቅጣት ነበር የወሰድኩት። ያስቸገርኩ ልጅ ስለሆንኩ ዳግመኛ ማንንም እንዳላስቸግር። በንዴት ተማርኩ፣ በንዴትም ጎበዝ ሆንኩ። ዓመት አልፎ አባቴ ለዕረፍት ሲመጣ፣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት "አሳዪኝ እስቲ" አለኝ።

ከቤታችን በታች ወዳለው የእንጨት መድረክ ወረድን። ባሕሩ ላይ፣ ጥልቁ ጋ፣ ትናንት ያልነበረ ቀይ ተንሳፋፊ ኳስ ነበር። ጎረቤታችን ከደጁ ሆኖ "ራድሊ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ ታንኳዬን ወስደህ ምን ስትተክል ነበር? ወጥመድ ነው?" ብሎ ተጣራ። አባቴ እጁን ብቻ አወዛወዘለት።

"እዚያ ኳስ ድረስ ዋኚ" አለኝ። "ንኪውና ተመለሺ። ከሱ እንዳታልፊ።"

"ያቺን ብቻ? የዚያን ሦስት እጥፍ እችላለሁ።"

"አውቃለሁ። ያቺ ትበቃኛለች።"

ገባሁ። ፊቴን ወደ እሱ አላዞርኩም፤ ጀርባዬን እንዲያይ ፈልጌ ነበር። ኳሱን በመዳፌ መታሁት። ከሱ ማዶ ሰማያዊው ውኃ ተዘርግቶ ነበር፣ ለመሄድም ዳድቶኝ ነበር። ግን ተመለስኩ። መሰላሉ ጋ ስደርስ አባቴ መድረኩ ጫፍ ላይ እግሮቹን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ወገቡ ላይ ወፍራም ገመድ ታስሯል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ከመድረኩ ምሰሶ ጋር ተቋጥሯል፣ መሀሉ አጠገቡ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ከብጄ ስለማላውቅ ነፋስ እንዳይወስደኝ ብዬ ነው" አለ።

አልሳቅሁም። የመርከበኛ ነገር ነው፣ ጀልባ ሊያስር ነው፣ እኔን እያየ እንኳ ሥራው አይለቀውም አልኩ። ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረ። አጥብቆ ስለቋጠረው ብዙ ቆየበት። ፎጣዬን ተከናንቤ ቤት ሄድኩ፣ ትቼው።

ያን ጠዋት መድረኩ ላይ ጀልባ አልነበረም። ምንም የሚታሰር ነገር አልነበረም። ኳሱን የተከለው ወገቡ ላይ ያሰረው ገመድ ባለቀበት ልክ፣ ውኃው ቢወስደኝ ዘልሎ ሊደርስልኝ በሚችልበት ርቀት ነበር።